ያልተቀመጠ ናሙና አይመሰክርም፦ የአር.ኤን.ኤ. አጠባበቅ በኢትዮጵያ የወረርሽኝ ታሪክ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የጉናን ተራራ ካለፈ በኋላ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ንፋስ መውጫ ይደርሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን ስሟ የአየሯን ጠባይ ይናገራል። ከዚያ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ የሚወርድ መንገደኛ ግን ከውርጩ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የበሽሎ ሸለቆ ሙቀት ይቀበለዋል። በዚህ አካባቢ ከሚገኝ ጤና ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ የሕመምተኛ ናሙናም እንደ መንገደኛው ሁሉ ቆላና ደጋ ይፈራረቁበታል።

የደጋ ሰው ብርድን አሳምሮ ያውቃል። ሆኖም የሰው ብርድና የቤተ ሙከራ ብርድ ለየቅል ናቸው። በጉና ግርጌ ሣሩን የሚያነጣው ውርጭ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ቢሆን ነው። ከደም ወይም ከጉሮሮ ፈሳሽ ተጣርቶ የወጣ አር.ኤን.ኤ. ለዓመታት ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ግን ከዜሮ በታች 70 ወይም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ለዚህ ሞለኪውል ውርጭ እንኳ ሙቀት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አገራችንን ክፉኛ ከጎዱ ወረርሽኞች መካከል የትኞቹ ማስረጃ ትተው እንዳለፉ፣ የትኞቹስ ያለ ማስረጃ እንደ ጠፉ በታሪክ ቅደም ተከተል ማሳየት፣ ከዚህም ለዛሬው የናሙና አጠባበቅ የሚገኘውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ቶሎ የሚጠፋ ጽሑፍ

ዲ.ኤን.ኤ. እና አር.ኤን.ኤ. የዘር መልእክት የሚጻፍባቸው ሁለት ሞለኪውሎች ናቸው። ዲ.ኤን.ኤ. ምቹ ሁኔታ ካገኘ በአጥንት ውስጥ ብዙ ሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አር.ኤን.ኤ. ግን በስኳሩ ክፍል ላይ አንድ ተጨማሪ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ስላለው ሰንሰለቱ በራሱ ላይ የመቆረጥ ጠባይ አለው። ሙቀትና የአልካሊነት መጠን ሲጨምሩ ይህ መቆራረጥ ይፋጠናል።

ሁለተኛው ጠላት አር.ኤን.ኤዝ የሚባለው ኢንዛይም ነው። በሰው ቆዳ፣ በላብ፣ በምራቅና በአቧራ ላይ ይገኛል። የዚህ ኢንዛይም አንዱ ዓይነት እጅግ ጽኑ ከመሆኑ የተነሣ ቅርጹ ከተፈታ በኋላ እንኳ ተመልሶ ይታጠፍና ሥራውን ይቀጥላል። ክርስቲያን አንፊንሰን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ይህንኑ ኢንዛይም በማጥናት ነበር። ስለዚህ ዕቃን ማፍላት ብቻውን ከዚህ ኢንዛይም ነጻ ለማድረግ አይበቃም፤ ያለ ጓንት የተነካ ቱቦም ለናሙናው መጥፊያ ሊሆን ይችላል።

በተጨማሪም አር.ኤን.ኤ. በቫይረሱ ውስጥ ሳለ በፕሮቲን ልባስ የተጠበቀ ነው። በቤተ ሙከራ ተጣርቶ ሲወጣ ግን ይህን ልባሱን ያጣል። ንጹሕ የሆነውን ያህል ራቁቱን ነው።

የጠፉት ምስክሮች፦ ደስታ በሽታና የኅዳር በሽታ

በኢትዮጵያ ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ዘመን (1880–1884 ዓ.ም.) መነሻው የከብት በሽታ ነበር። ደስታ በሽታ የሚባለው ይህ ደዌ በምጽዋ በኩል ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ፣ ድርቅና አንበጣም በመጨመሩ የሕዝቡ ሲሶ ያህል በረኃብና በተከታይ በሽታ እንደ ሞተ ይነገራል። ቤጌምድርም ከዚህ መከራ አልተረፈም። የበሽታው ምክንያት በአር.ኤን.ኤ. የተጻፈ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በኅዳር 1911 ዓ.ም. በዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ደረሰ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንንም በጽኑ ታመው ድነዋል። ሕዝቡ በሽታውን የኅዳር በሽታ አለው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማድ፣ ኅዳር ሲታጠን፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆይቷል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ሆነ በኅዳር 1911 የሞቱትን የቀበሩ ሰዎች የገደላቸው ምን እንደ ሆነ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ከአዲስ አበባው ወረርሽኝ የቀረው የሰው ምስክርነት ነው፤ ቫይረሱ ራሱ አልተናገረም።

በዚያው ወር፣ ከኢትዮጵያ እጅግ ርቃ በአላስካ የምትገኝ ብሬቪግ ሚሽን የተባለች መንደር በአምስት ቀን ውስጥ ከ80 ጎልማሶቿ 72ቱን በዚሁ በሽታ አጣች። ሙታኑ የተቀበሩት ዓመቱን ሙሉ በረዶው በማይቀልጥ መሬት ውስጥ ነበር። ዮሃን ሁልቲን የተባለ የሕክምና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1951 መቃብሩን ቆፍሮ ከሳንባ ናሙና ቫይረሱን ለማብቀል ቢሞክርም አልተሳካለትም። በ1997 ተመልሶ ሲቆፍር ሳንባዋ ሳይበሰብስ የቆየ የአንዲት ሴት አስከሬን አገኘ። እኛ ድንቅነሽ የምንላትን፣ ዓለም ሉሲ ብሎ የሚጠራትን የአፋሯን ቅሪት አስታውሶ ለዚህችም ሴት ሉሲ የሚል ስም ሰጣት። ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ ከዚህች ሴት ሳንባና በፎርማሊን ተጠብቀው ከቆዩ የወታደሮች ሕብረ ሕዋሳት የተሰባበሩ የአር.ኤን.ኤ. ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ የቫይረሱን ሙሉ የዘር ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በ2005 አጠናቀቁ።

ከአንድ ወረርሽኝ ሁለት ዓይነት ቅርስ ቀረ። በአንዱ አገር ትዝታ፣ በሌላው አገር የሚነበብ ማስረጃ። ልዩነቱ ናሙናው ባረፈበት ቦታ ቅዝቃዜ ላይ ነበር።

ከኦሞ ሸለቆ የተረፈው ቫይረስ

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ወንዝ ተፋሰስና በአካባቢው የተነሣው ቢጫ ወባ በአፍሪካ ከተመዘገቡት የዚህ በሽታ ወረርሽኞች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ወደ 30 ሺህ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ ስለ ነበር የተቋሙ ተመራማሪዎች ወደ ሥፍራው ወርደው ከሕመምተኞችና ከትንኞች ናሙና ሰበሰቡ። ይህ ተቋም በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ሆኗል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለሚባለው መሥሪያ ቤትም አንዱ መሠረት ነው።

በ1961 ከኢትዮጵያ ከተገኙት ቫይረሶች አንዱ ኩማ የሚል ስም ይዞ በውጭ አገር የቫይረስ ማከማቻ ተቀመጠ። ሙሉ የዘር ቅደም ተከተሉም ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። የምሥራቅና የማዕከላዊ አፍሪካ ቢጫ ወባ ከምዕራብ አፍሪካው በምን እንደሚለይ ለመረዳት ካስቻሉት ጥቂት ናሙናዎች አንዱም ይኸው ሆነ። በ1961 ናሙናውን የወሰደው ባለሙያ የዘር ቅደም ተከተል ማንበቢያ መሣሪያን በዓይኑ አላየም፤ እንዲህ ያለ ሥራ ይመጣል ብሎም አላሰበ ይሆናል። የእርሱ ድርሻ ናሙናውን በሥርዓት ማስቀመጥና ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን መመዝገብ ነበር። ይህም በቃ።

ናሙናው የተቀመጠው በባዕድ አገር መሆኑን ግን ልብ ማለት ይገባል። ራሱ ማከማቻ የሌለው አገር የራሱን በሽታ ታሪክ ከሌላ ቤት ለምኖ ያነባል።

ከ1984ቱ ደም እስከ ኮቪድ

የኤድስ ታሪክ በኢትዮጵያ ስለ ተቀመጠ ናሙና ጥቅም ሌላ ምስክር ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕመምተኞች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። የኤች.አይ.ቪ. መመርመሪያ ከተገኘ በኋላ ቀደም ሲል የተሰበሰበ የደም ውሃ ሲፈተሽ ግን ቫይረሱ በ1984 በተወሰደ ናሙና ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። በሽታው ከመታየቱ በፊት ቫይረሱ ገብቶ እንደ ነበር የነገረን ለዚህ ጉዳይ ተብሎ ያልተቀመጠ ደም ነው። በዚያ ምርመራ የተፈለገው ፀረ እንግዳ አካል ነበር፤ ይህም ከአር.ኤን.ኤ. ይልቅ ታጋሽ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በአቃቂና በወንጂ የፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ሲከታተል የቫይረሱን አር.ኤን.ኤ. ራሱን መለካት አስፈለገ። ያን ጊዜ ጥልቅ ማቀዝቀዣ ከምቾት ዕቃነት ወጥቶ የምርምሩ ምሰሶ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲነሣ የመጀመሪያዎቹ የተጠርጣሪዎች ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው አዲስ አበባ ውስጥ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን አገሪቱ ራሷ መመርመር ችላ ነበር። በተከታዮቹ ወራት ምርመራው ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ ወደ ክልል ቤተ ሙከራዎች ወረደ። አር.ኤን.ኤ. ማጣራት፣ ከዚያ በፊት በጥቂት የምርምር ተቋማት ብቻ የታወቀ ሥራ፣ የብዙ ቴክኖሎጂስቶች የዕለት ተግባር ሆነ። የቫይረሱ ዝርያዎች ከአንዱ ማዕበል ወደ ሌላው እንዴት እንደ ተለዋወጡ ማወቅ የተቻለውም ውጤቱ ተነግሮ ካበቃ በኋላ የተረፈው አር.ኤን.ኤ. ተጠብቆ በቆየበት ቦታ ሁሉ ነው። ውጤቱን እንደ ጻፉ ቀሪውን ወደ መጣያ የከተቱ ቤተ ሙከራዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ማድረቅ

ቅዝቃዜ ብቸኛው መጠበቂያ አይደለም። የጋይንት እናቶች ሥጋን ቋንጣ አድርገው የሚያቆዩት ያለ ውሃ ብልሽት እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ ነው። ሕክምናም ይህንኑ ጥበብ በራሱ መንገድ ደርሶበታል። እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ የተጀመረው የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞችን አገኘ። ክታብ ሠራተኞች በእግርና በበቅሎ በየተራራው ሊያዳርሱ የቻሉት ክትባቱ በቅዝቃዜ የደረቀና ሙቀትን የሚችል ስለ ነበር ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ ወር 1976 በኦጋዴን ተገኘ።

ደስታ በሽታም የጠፋው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ የደረቀ ክትባት ከተሠራ በኋላ በአፋር አርብቶ አደሮች መካከል ከኅብረተሰቡ የተመረጡ ሰዎች ራሳቸው ይክትቡ ጀመር። በኢትዮጵያ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በ2011 ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ የዚያ ክፉ ቀን ቫይረስ ቅሪት በሕግ ተለይተው በተፈቀደላቸው ጥቂት የዓለም ማከማቻዎች ብቻ ይጠበቃል። ከእነዚህም አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። አንድ ጊዜ አገሪቱን ያረገፈው በሽታ አሁን በዚያችው አገር በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎበታል። እዚህ ላይ ማስቀመጥ ሌላ ትርጉም ያገኛል፤ ቆጥሮ፣ ቆልፎና መዝግቦ መያዝ ለጥናት ብቻ ሳይሆን ለደኅንነትም ነው።

ለገጠር ጤና ጣቢያም የማድረቅ መንገድ ክፍት ነው። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን ማቀዝቀዣ ከሌለበት ቦታ ለማስጀመር አስችሏል። ጠብታው በሚገባ ሳይደርቅ ከታሸገ ወይም እርጥበት ከገባበት ግን ጥቅሙ ይቀራል።

ማቀዝቀዣ ብቻውን አይጠብቅም

የተጣራ አር.ኤን.ኤ. ለቀናት ወይም ለአጭር ጊዜ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊቀመጥ ይችላል። ለረጅም ጊዜ ግን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ የበለጠ ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። በረዶን በራሱ የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በረዶውን ለማቅለጥ በየጊዜው ስለሚሞቅ ናሙናውን ሳይታወቅ ይጎዳዋል። እየቀለጠ ተመልሶ የሚረጋ ናሙና በእያንዳንዱ ጊዜ ከመልእክቱ ይጎድላል። ስለዚህ አንዱን ናሙና ገና ትኩስ ሳለ በትንንሽ ቱቦዎች ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ ሲያስፈልግም አንዱን ብቻ ማውጣት ይገባል። ቢቻል ግማሹ በሌላ ማቀዝቀዣ፣ እንዲያውም በሌላ ከተማ ቢቀመጥ የአንዱ ብልሽት ሁሉን አያጠፋም።

ተራ ሙጫ ያለው ወረቀት በዚያ ብርድ ይላቀቃል፤ ተራ ቀለምም ይጠፋል። ስሙ የጠፋ ቱቦ ሞለኪውሉ ደኅና ቢሆንም እንኳ ናሙና መሆኑ ቀርቷል። 81 ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ እያንዳንዱ ቱቦ የቱ ጋ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ከማቀዝቀዣው ውጭ መኖር አለበት፤ ይህ ከሌለ ፈላጊው በሩን ከፍቶ ሲያገላብጥ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ሁሉ ያሞቃል። የሙቀት መጠኑ በቀን ሁለት ጊዜ በእጅ መመዝገብ፣ የአቧራ ማጣሪያው መጽዳት፣ የማስጠንቀቂያ ደወሉም ማታ የሚሰማው ሰው ያለው መሆን አለበት። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ደንብ በሩን አለመክፈት ነው። ባዶ ቦታው አስቀድሞ በረጋ የበረዶ ጥቅል የተሞላ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለተሻለ ጊዜ ይይዛል።

ለደጋ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ብዙ የቤተ ሙከራ መሣሪያዎች ተሠርተው የሚፈተኑት እስከ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላለው ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በላይ ናት፤ ንፋስ መውጫ ደግሞ በአንድ ሺህ ሜትር ትበልጣለች። በሳሳ አየር ውስጥ የማቀዝቀዣው ሞተር ሙቀቱን ለማስወጣት ይቸገራል። ስለዚህ ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የሚሠራበትን ከፍታ መጠየቅ፣ ከተተከለ በኋላም በራሱ ማሳያ ሳይወሰኑ በሌላ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የውጭው ብርድ ለዚህ ማካካሻ ይሆናል ብሎ መዝናናት አይገባም።

ሰንሰለቱ ሲበጠስ

ማቀዝቀዣ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክና የጤና ተቋም ደግሞ ሰላም ይፈልጋሉ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በጦርነቱ ለቀናት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆይታ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ያወጣው ዘገባ በከተማዋ በሴቶች ላይ የተፈጸመውን አስገድዶ መድፈር፣ የጤና ተቋማትን መጎዳትና መዘረፍ፣ ተጎጂዎቹም በዚሁ ሳቢያ የሚገባቸውን ሕክምና ማጣታቸውን መዝግቧል። በትግራይ ደግሞ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ኃይል ከአንድ ዓመት በላይ ተቋርጦ ቆይቷል። አንድ ተቋም ሲዘረፍ ወይም ሲጨልም የሚጠፋው አልጋና መድኃኒት ብቻ አይደለም። መዝገቡ ይጠፋል፤ የክትባት ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ ክትትል ላይ ያለ ሕመምተኛ የቫይረስ መጠኑ ሳይለካ ይቀራል፤ ለፍትሕ ሊቀርብ የሚችል ማስረጃም ሳይሰበሰብ ያልፋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የማቀዝቀዣው ሰንሰለት የሚጀምረው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ሳይሆን ደሙን ከቀዳው ሰው እጅ መሆኑ ነው። በስማዳ ወይም በእስቴ የሚሠራ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ጥልቅ ማቀዝቀዣ ላይኖረው ይችላል። ነገር ግን ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓት በትክክል መጻፍ፣ ፕላዝማውን በወቅቱ መለየት፣ የበረዶ ሣጥኑን ሙቀት ሲነሣና ሲደርስ መመዝገብ፣ መኪና ሲዘገይም ዝም ብሎ ከመላክ ይልቅ መዘግየቱን ማሳወቅ በእጁ ነው። በመንገድ የተበላሸን አር.ኤን.ኤ. ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መልሶ አያድነውም፤ ያለውን ጉዳት እንዳለ ያቆየዋል እንጂ።

በክፉ ቀን የዘር እህሉን ሳይነካ ያቆየ ገበሬ ዝናብ ሲመለስ የሚዘራው ነበረው። የተጣራ አር.ኤን.ኤ. ለቤተ ሙከራ እንደዚያው የዘር እህል ነው። የዛሬው ምርመራ ካበቃ በኋላ ቀሪውን ከፋፍሎ፣ ስሙን ጽፎ፣ ቦታውን መዝግቦ ማስቀመጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የኅዳር በሽታን ሙታን የቀበሩ ሰዎች ይህን ዕድል አላገኙም ነበር። ዛሬ ላይ ያለ የጤና ባለሙያ ግን አግኝቶታል፤ ከሰባ ወይም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠይቀውም ሰው መልሱን የሚያገኘው ከእርሱ መዝገብ ነው።